ዩኒቨርስቲ ከቅጥሩ ውጭ፤ የሮችዴልና የሎንግተን ሠራተኞች የትምህርት ታሪክ

ትምህርት በልጅነት ተጀምሮ የምስክር ወረቀት በተቀበሉበት ቀን የሚፈጸም ነገር ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። ዩኒቨርስቲ ሲባልም በአጥር የተከበበ ግቢ፥ በግቢውም ውስጥ ካባ የደረቡ መምህራንና ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ብዙ ያልዘለለ ተማሪዎች በዓይነ ኅሊና ይታያሉ። የአገራችን የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ልማድ ግን ከዚህ የተለየ እንደ ነበረ አይዘነጋም፤ ጢሙ የሸበተ ካህን ከልጅ እግር ተማሪ ጋራ ባንድ መምህር ፊት ተቀምጦ ቢገኝ የሚደነቅበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰው እስኪሞት ድረስ ተማሪ ነው ማለት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ከፍተኛው ትምህርት ቤት ራሱ ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ሸማኔውና ወደ ሸክላ ሠሪው ሰፈር መሄዱ፥ ሄዶም ከእነርሱ መማሩ ነው።

ይህን ነገር በግልጥ ለማየት የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመቻል። በዚያ አገር በዩኒቨርስቲና በሠራተኛው ሕዝብ መካከል የነበረው ግንብ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፥ ሰዎች ግንቡን እንደምን እንደ ተሻገሩት ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እስከ 1820ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፥ ስኮትላንድን ሳንጨምር፥ በእንግሊዝ አገር የነበሩት ዩኒቨርስቲዎች ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ብቻ ነበሩ። ወደ እነዚህ ለመግባት ገንዘብም ጊዜም ይጠይቅ ነበር። ገንዘቡና ጊዜው ያለውም ቢሆን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባል ካልሆነ ሙሉ መብት ያገኘው በ1871 በወጣው ሕግ ነው። ሴቶች በኦክስፎርድ ዲግሪ መቀበል የቻሉት በ1920፥ በኬምብሪጅም በ1948 መሆኑን ስናስብ ግንቡ ምን ያህል የጸና እንደ ነበረ እንረዳለን። በዚህ መካከል ግን አገሪቱ ተለዋወጠች። የጥጥ ፋብሪካ፥ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድና የባቡር ሐዲድ በሰሜኑ ክፍል ታላላቅ ከተሞችን አስነሡ፤ በነዚህም ከተሞች የሚኖረው ሠራተኛ ዩኒቨርስቲን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነበር።

በሩ በመጀመሪያ የተንኳኳው በሠራተኞች ሳይሆን በሴቶች እጅ ነው። በ1867 በሰሜን እንግሊዝ የሚኖሩ አስተማሪዎችና ለትምህርታቸው የሚቈረቈሩ ሌሎች ሴቶች ተሰባስበው ከኬምብሪጅ አንድ መምህር እንዲመጣላቸው ጠየቁ። የመጣላቸውም ጄምስ ስቱዋርት የሚባል የ24 ዓመት ስኮትላንዳዊ ነበር። ስቱዋርት በሊድስ፥ በሊቨርፑል፥ በማንቸስተርና በሸፊልድ እየተዘዋወረ ስለ ሥነ ፈለክ ያስተምር ጀመር። ነገር ግን አንድ ችግር ገጠመው፤ በዚያ ዘመን ልማድ አንድ ወጣት ወንድ ለወጣት ሴቶች በጉባኤ መካከል በቃል ጥያቄ ማቅረቡ፥ እነርሱም መመለሳቸው እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አሳትሞ አደላቸው፤ መልሱንም በፖስታ እንዲልኩለት አደረገ። ምናልባት ጥቂት ወረቀት ይደርሰኛል ብሎ ሲጠባበቅ ሦስት መቶ ያህል መልስ ጐረፈለት። ነውርን ለመሸሽ የተፈለሰፈው ዘዴ እንዲህ ሆኖ ከሁሉ የሚበልጥ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጠውን ሰው ብዕር አስጨብጦ አሳቡን እንዲያወጣ አደረገው።

ሁለተኛው ነገር የሆነው በሮችዴል ነው። ሮችዴል ከማንቸስተር በስተ ሰሜን የምትገኝ የሸማኔዎች ከተማ ናት። በ1844 በዚህች ከተማ 28 ሰዎች 28 ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ፤ ዱቄት፥ ቅቤና ስኳር በትክክለኛ ሚዛን መሸጥ ጀመሩ፤ ትርፉንም በገዙት መጠን ለአባሎቻቸው ያካፍሉ ነበር። በዓለም ላይ የተስፋፋው የኅብረት ሥራ ማኅበር አርኣያ አድርጎ የያዘው ይህንን ሱቅ ነው። ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር ግን ማኅበሩ ከትርፉ ከመቶ ሁለት ተኩል እየቀነሰ ለትምህርት ይመድብ የነበረ መሆኑ ነው። በዚህ ገንዘብ ቤተ መጻሕፍትና የጋዜጣ ማንበቢያ ክፍል አቋቁመው ነበር፤ ስቱዋርትንም የጋበዙት በዚሁ ገንዘብ ነው።

ስቱዋርት አንድ ቀን አስተምሮ ሲጨርስ በግድግዳ ላይ የሰቀላቸውን ሥዕላዊ መግለጫዎች ለሚመጣው ሳምንት እንዲቈዩለት ትቷቸው ሄደ። ሲመለስ የአዳራሹ ጠባቂ፥ ከአባሎች ብዙዎቹ ሥዕሎቹን ሲመለከቱ መሰንበታቸውን፥ ሊጠይቁት የሚፈልጉትም ነገር እንዳላቸው ነገረው። በዚህ ምክንያት ከትምህርቱ ሰዓት አስቀድሞ ተገኝቶ ከእነርሱ ጋራ መነጋገር ያዘ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሁለት ክፍል ሆነ፤ አንዱ መምህሩ የሚናገርበት፥ ሁለተኛው ተማሪው የሚጠይቅበት። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዘመኑ ንግግር ለማሰማት ወደ ሠራተኛ ሰፈር የሚመጣው ሊቅ ተናግሮ፥ ተጨብጭቦለት የሚሄድ ነበር፤ ጥያቄ ለመቀበል ሰዓት የሚመድብ አልነበረም።

ስቱዋርት ያየውን ለኬምብሪጅ አመለከተ፤ በ1873ም ዩኒቨርስቲው በኖቲንግሃም፥ በደርቢና በሌስተር ከተሞች የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች በይፋ ከፈተ። ኦክስፎርድም በ1878 ተከተለ። ኖቲንግሃም በተለይ ይህን ነገር አጥብቃ ያዘች፤ በ1875 ስሙን ያልገለጠ አንድ ሰው፥ ከተማው ለትምህርቱ የሚሆን ቤት ይሥራ በሚል ውል 10 ሺህ ፓውንድ ሰጠ፤ ሕንፃውም በ1881 ተመረቀ፤ የዛሬው የኖቲንግሃም ዩኒቨርስቲ ምንጩ ይኸው ነው።

በኖርዘምበርላንድ የከሰል ቈፋሪዎች መንደር ሳይቀር ትምህርቱ ደርሶ ነበር። ስለነዚህ ሰዎች ከተነገረው አንዱን ብንጠቅስ ይበቃል። ሁለት ወንድማማች ቈፋሪዎች መንደራቸው ትምህርቱ ከሚሰጥበት ስፍራ አምስት ማይል ያህል ይርቅ ነበር። ሲሄዱ ባቡር ያገኛሉ፤ ሲመለሱ ግን ሰዓቱ ስለማይመች በእግራቸው ይሄዳሉ። ይህንንም ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አደረጉት፤ አንድ ሌሊት ጐርፍ መንገዱን ስለ ሸፈነው መንገድ ስተው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ነበር። በፈተናው ጥሩ ውጤት አገኙ፤ በመጨረሻም የገዛ መንደራቸው የትምህርት ጣቢያ እንዲሆን አደረጉ።

ታዲያ ይህን ያህል ጥማት ያለው ሕዝብ ከተገኘ ሥራው ለምን ደከመ? መልሱ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርስቲዎቹ መምህር ይልካሉ እንጂ ወጪውን አይችሉም፤ መንግሥትም አይረዳም ነበር። ወጪው የሚሸፈነው አድማጩ ከሚከፍለው ስለ ሆነ ትምህርቱ ብዙ ከፋይ ወደሚገኝበት ማዘንበሉ አልቀረም። የኖርዘምበርላንድ ቈፋሪዎች በ1887 የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉ ጊዜ ደመወዛቸው ስለ ተቋረጠ ትምህርታቸውም አብሮ ቆመ። በሌሎች ከተሞች የሠራተኛው ወንበር ቀስ በቀስ ኑሮው በተደላደለ ሰው ተያዘ፤ ትምህርቱም ከትጋት ይልቅ ለምሽት መዝናኛ የቀረበ ሆነ። በመዝናናት ክፋት የለም፤ ነገር ግን ጐርፍ ውስጥ የገቡት ወንድማማቾች የፈለጉት ይህን አልነበረም።

ሥራውን እንደገና ያስነሣው አልበርት ማንስብሪጅ ነው። አባቱ አናጢ ነበር፤ እርሱም በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ሥራ ገባ፤ ኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበሮች የጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆነ። በ1903 ከባለቤቱ ከፍራንሲስ ጋራ ሆነው ከቤት ወጪ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ አንሥተው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በ1905 የሠራተኞች ትምህርት ማኅበር የሚለውን ስም ያዘ። ማንስብሪጅ የተረዳው ነገር ቢኖር፥ ከዩኒቨርስቲ መጥቶ ማስተማር ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ የሚማሩት ሰዎች የትምህርቱን ዓይነት፥ ሥርዓቱንና መምህሩን በመምረጥ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል አለ።

በነሐሴ ወር 1907 በኦክስፎርድ ስለዚሁ ነገር ጉባኤ ተደረገ። ማክታቪሽ የሚባል የፖርትስማውዝ መርከብ ሠሪ ተነሥቶ፥ እኔ ወደዚህ የመጣሁት ለልመና አይደለም፤ ኦክስፎርድ ያላትን ከሁሉ የተሻለ ነገር ለወገኖቼ የምጠይቀው እንደ መብት ነው የሚል ትርጕም ያለው ንግግር አደረገ። አዳራሹ ተናወጠ። ወዲያውም ሰባት ከዩኒቨርስቲው፥ ሰባት ከሠራተኛው ወገን የሆኑ 14 አባሎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም በ1908 ሪፖርቱን አወጣ። ቍጥሩ እኩል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ዩኒቨርስቲው ስለ ሠራተኛው የሚመክርበት ሳይሆን ከሠራተኛው ጋራ የሚመክርበት ጉባኤ ነበር።

ሪፖርቱ ከመታተሙ በፊት ሮችዴል ቀድማ ነበር። የከተማይቱ የማኅበሩ ቅርንጫፍ፥ ሁለት ዓመት ሳያቋርጡ ለመገኘት፥ በየሁለት ሳምንቱም አንድ የጽሑፍ ሥራ ለማቅረብ ቃል የገቡ 30 ሰዎች ብናገኝ ጥሩ መምህር ትሰጡናላችሁን ብሎ ኦክስፎርድን ጠይቆ ነበር። ቀኑን በቢሮ ውሎ ማታ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው፥ ለሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ቃል መግባት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚውሉት በፋብሪካ መዘውር መካከል ነበር። ከተፈለገውም የሚበልጥ ሰው ስሙን ሰጠ። በስታፎርድሽር በሸክላ ፋብሪካዎቿ የታወቀችው ሎንግተንም ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበች።

መምህር ሆኖ የተላከው ሪቻርድ ሄንሪ ቶኒ ነው። ዕድሜው 27 ዓመት ሲሆን በዚያን ጊዜ በስኮትላንድ በግላስጎ ዩኒቨርስቲ ረዳት መምህር ነበር። ከጥር 1908 ጀምሮ በየሳምንቱ በባቡር ወደ ደቡብ እየወረደ ዓርብ ማታ በሎንግተን፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በሮችዴል ያስተምር ነበር። የትምህርቱ ርእስ የእንግሊዝ አገር የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ሁለት ሰዓት ከሚፈጀው ጊዜ አንዱን ሰዓት መምህሩ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሰዓት የክርክር ነው፤ ይህ ስቱዋርት ከአርባ ዓመት በፊት በዚያችው በሮችዴል ያየው ሥርዓት ነው። ክርክሩም በሰዓቱ የሚያበቃ አልነበረም።

ቶኒ ስለ ደመወዝ ሲናገር በፊቱ የተቀመጡት በሳምንቱ መጨረሻ ደመወዛቸውን የሚቈጥሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ገበያ ዋጋ ሲያስተምር የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ እንጀራቸው የሚጐድልባቸው ናቸው። ኦክስፎርድ ውስጥ የ19 ዓመት ልጅ አሜን ብሎ የሚጽፈውን ነገር የሮችዴል ሸማኔ በዓይኔ ያየሁት እንዲህ አይደለም ይላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ወይ ማስረጃውን ያጠናክራል፥ ወይም አሳቡን ይለውጣል። ቶኒ በ1912 ባሳተመው በ16ኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የእርሻ መሬት ችግር በሚናገር መጽሐፉ መቅድም ላይ፥ ሸማኔዎች፥ ሸክላ ሠሪዎች፥ ከሰል ቈፋሪዎችና መካኒኮች ከመጽሐፍ በቀላሉ የማይገኝ ዕውቀት እንዳስተማሩት ገልጦ አመስግኗቸዋል። ይህ መጽሐፍ ባለ መሬቶች የመንደሩን የጋራ ግጦሽ እያጠሩ፥ ጢሰኛውን እያፈናቀሉ መሬቱን ለበግ ማርቢያ ያደረጉበትን ዘመን የሚመረምር ነው። ዛሬም የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። የተከበረ የታሪክ መጽሐፍ ከማታ ክፍል ክርክር መወለዱ ለመምህራን ሁሉ የሚታሰብበት ነገር ይመስለኛል።

የትምህርቱ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው እንዳይባልም ምርመራ ተደርጎበት ነበር። የኦክስፎርድ የታሪክ መምህር የነበረው ኤ. ኤል. ስሚዝ ከስምንት ክፍሎች የተሰበሰቡትን ጽሑፎች መርምሮ፥ ከአራቱ አንዱ በዩኒቨርስቲው በታሪክ ትምህርት አንደኛ ማዕርግ ከሚያገኙት ተማሪዎች ሥራ ጋራ እኩል መሆኑን መሰከረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣበት በ1914 እንዲህ ባሉ ክፍሎች የሚማሩት ከ3 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር።

ሥራውን ሁሉም ሰው አልወደደውም። የነቀፉት ሰዎች ያነሡት ነገር ቀላል ባለ መሆኑ ማለፍ አይገባም። በ1899 በኦክስፎርድ ከተማ ለሠራተኞች በተመሠረተው በራስኪን ኮሌጅ ተማሪዎቹ በ1909 ትምህርት አቁመው ዐመፁ። ኦክስፎርድ የሚቀርበን ለፍቅራችን አይደለም፤ ለስላሳ አድርጎ ሊመራን ነው፤ የጌቶችን ኢኮኖሚክስ ተምሮ የወጣ ሠራተኛ ለወንድሞቹ መቆሙን ይተዋል የሚል ነበር ክርክራቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተለይተው የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ። ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ከመንግሥትና ከዩኒቨርስቲ ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት የሰጪውን ፊት ማየቱ የትም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በሮችዴልና በሎንግተን የሆነው ነገር በአመዛኙ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የተለሳለሰው ተማሪው ሳይሆን መምህሩ ነው፤ ቶኒም ዕድሜውን ሙሉ የእኩልነት ጠበቃ ሆኖ ኖረ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1919 ስለ ጐልማሶች ትምህርት በመንግሥት የተቋቋመው ኮሚቴ ሪፖርቱን አቀረበ። ሰብሳቢው ያው ስሚዝ ነበር፤ ቶኒና ማንስብሪጅም አባሎች ነበሩ። ኮሚቴው የጐልማሶች ትምህርት ለጥቂት ሰዎች የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የማይቋረጥ ብሔራዊ አስፈላጊነት መሆኑን፥ ስለዚህም ለሰው ሁሉና ለዕድሜ ልክ ሊሆን እንደሚገባው አስታወቀ። እያንዳንዱ ዩኒቨርስቲ ከቅጥሩ ውጭ ለሚሰጠው ትምህርት ራሱን የቻለ መምሪያ እንዲያቋቁምም መከረ። ኖቲንግሃም በ1920 ቀድሞ አደረገው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ የመንግሥት ገንዘብ አመዳደብ ሲለወጥ ከነዚህ መምሪያዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል።

ከዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ ጋራ አንድ ነገር ማነጻጸር ይቻላል። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፥ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ፥ በ1964 የዩኒቨርስቲ አገልግሎት የሚባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፥ ብዙውን ጊዜ በአስተማሪነት፥ ያገለግል ነበር። ዓላማው የተከበረ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ብዙ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶችም በእነዚህ ወጣቶች ተረድተዋል። ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል፥ በእኛ ዘንድ ዩኒቨርስቲው ወደ ሕዝብ የሄደው በደንብ ተልኮ ነው፤ በሮችዴል ግን ሕዝቡ ውሉን ጽፎ ዩኒቨርስቲውን ጠራው። የሚላክ መምህር የሚያስተምረውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚጠራ መምህር ግን ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለተኛው ግን የሚጠራ ማኅበር መኖሩን ይሻል። የሮችዴል ሸማኔዎች ያን ማኅበር ለመሥራት ከ1844 ጀምሮ ስልሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

የሎንግተን ክፍል መጨረሻ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ተማሪዎቹ የተማሩትን ለራሳቸው ይዘው አልቀሩም። በ1911 በአካባቢው የከሰል ቈፋሪዎች መንደሮች ለሚኖሩት ሰዎች የከፍተኛ ትምህርት እንቅስቃሴ አቋቁመው፥ ቀን በሥራቸው ውለው ማታ ያለ ክፍያ ያስተምሩ ጀመር። ትናንት ደብተር የያዘው ሸክላ ሠሪ ዛሬ በመንደር አዳራሽ ጠመኔ ይዞ ቆመ። ከነዚህ ክፍሎች ጋራ ለብዙ ዘመን የሠራው የኦክስፎርድ የፍልስፍና ሊቅ ኤ. ዲ. ሊንድሲ፥ የባሊዮል ኮሌጅ የበላይ ከሆነ በኋላም ሰዎቹን አልረሳቸውም። አካባቢው የራሱ ዩኒቨርስቲ ሊኖረው ይገባል የሚለው አሳብ ለአርባ ዓመት ያህል ሲብላላ ቈይቶ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊንድሲና በስቶክ ከተማ ምክር ቤት የነበረው ቄስ ቶማስ ሆርዉድ ከፍጻሜ አደረሱት።

ለኮሌጁ የተገኘው ስፍራ ኪል የሚባል የቀድሞ መኳንንት ርስት ሲሆን፥ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር የሰፈረባቸው የቈርቈሮ ቤቶች ነበሩበት። የመጀመሪያዎቹ 157 ተማሪዎች በነዚህ ቤቶች ተጠልለው በጥቅምት 1950 ትምህርት ጀመሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። የኪል ኮሌጅ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ የራሱን ዲግሪ እንዲሰጥ ተፈቅዶለት ነበር፤ የዩኒቨርስቲነት ስም ያገኘው ግን በ1962 ነው።

ሊንድሲ የኮሌጁ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ አንድ ልዩ ሥርዓት አስገባ። በሌላው ዩኒቨርስቲ ዲግሪ በሦስት ዓመት ሲገኝ በኪል አራት ዓመት ሆነ፤ የመጀመሪያውም ዓመት የታሪክ ተማሪ ሳይንስን፥ የሳይንስ ተማሪም ታሪክንና ፍልስፍናን በጋራ የሚሰሙበት ነበር። በስታፎርድሽር የማታ ክፍሎች ስለ ደመወዝ የተጀመረው ክርክር ወደ ፍትሕ፥ ከፍትሕም ወደ ሃይማኖትና ወደ ሳይንስ ሲሸጋገር የሚከለክለው አልነበረም፤ ሊንድሲ ያንን ወደ መደበኛው ትምህርት ለማስገባት ፈለገ። የሥራ ባልደረቦቹ ዓመቱ በከንቱ ይባክናል ብለው ተቃውመውት ነበር፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ሊንድሲ በ1952 ሞተ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አራቱን ዓመት ፈጽመው የተመረቁት በ1954 ነው።